የሙሴ ሎርሜ ከረባት

ፈረንሳዊው ሙሴ ሎርሜ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ካፖርታቸውን ደርበው በጓሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ልጃቸውን ኦዲልን ቀብረው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች አባትየው የልጃቸውን ሞት እንዳይሰሙ ሳምንቱን ሙሉ ያልሆኑት አልነበረም።

ዝናቡ አላባራም። ወይዘሮ የኔነሽ ሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ ከተማ ውስጥ የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ በመኪና ተጨናንቋል። በሐዘን ላይ ሐዘን የተደረበበት ለቀስተኛ የት እንደሚቆም እንኳ ጠፍቶታል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የዕለቱ ተረኛ ተንከባካቢ ማን እንደሆነች ጠየቀ። ሶልያና የምትባል ወጣት ነበረች። «ከዚህ ቤት እንዳትወጪ» አላት። ሶልያና ኩሽና ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ ሰው አላየችም።

በዲቪ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በዚህ አገር ያላት ነገር ቢኖር የተንከባካቢነት ፈቃዷ ብቻ ነው። አንድ አረጋዊ በእሷ ተራ፣ በዝናብ፣ ደጅ ላይ ሞቶ ሲገኝ ጥፋቱ የማን እንደሚባል ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ፈቃዷን መነጠቅ አለ፤ ከዚያም አልፎ እስር ቤት አለ። ይህን እያሰበች እንኳ ከራሷ ይልቅ ለሰውየው ነበር የምታለቅሰው።

የካውንቲው መርማሪ ሰሃርላ ስትደርስ ወደ ቤቱ አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮው ዞረች። ድሬዳዋ ተወልዳ እዚያው ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ያደገች፣ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። ሬሳ ፊት ስትቆም እጇን ኋላዋ አጣምራ መጀመሪያ በዓይኗ ብቻ ትመረምራለች። ይህን ልማዷን የማያውቅ ሰው ዝም ብላ የቆመች ይመስለዋል።

አግዳሚው የሙሴ ሎርሜ ክፍል መስኮት ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የተቀመጠው። የሟቹ ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ልፍስፍስ ብሏል። ግራ እጃቸው ከዘራቸውን ጨብጧል። የጫማቸው ማሰሪያ በሁለቱም እግር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ከረባቱም እንደዚያው፤ ቋጠሮው ሙሉ ነው፣ ከሥሩም ጎድጎድ ያለች ትንሽ እጥፋት አለችበት። ሰሃርላ ጎንበስ ብላ እጇን ከሥራቸው ሰደደች። የተቀመጡበት ጣውላ ደረቅ ነበር። የከዘራው እጀታ ላይ የነጭ ቀለም ፍርፋሪ አየች፤ ቀና ብላ የመስኮቱን ነጭ ክፈፍ አየች። በመጨረሻ ካፖርቱን ገለጥ ስታደርግ በኮታቸው ደረት ላይ፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ የምትስቅ ሴት ፎቶ ነበር።

«ይቺ ማን ናት?» አለ ፖሊሱ።

«ዛሬ የተቀበረችው ልጃቸው ናት፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ለቀስተኞች ሁሉ ይህንኑ ፎቶ አድርገዋል» አለች ሰሃርላ። «እኛ አገር ለቀስተኛ የሟችን ፎቶ ደረቱ ላይ ያደርጋል።»

«ሶ፣ ሰውየው አያውቁም ሲሉኝ የነበሩት ውሸታቸውን ነው?»

ሰሃርላ ካፖርቱን መልሳ ሸፈነችው። ወደ ሶልያና ሄደች።

«ቀኝ እጃቸው ይሠራ ነበር?»

«አይሠራም። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቁልፋቸውን እንኳ የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ብቻቸውን አይነሱም።»

«ከረባትስ?»

«እኔ ማሰር አልችልም። ስለዚህ ትተውት ነበር። ሁሉም ተፈትተው ቁምሳጥኑ ውስጥ ተሰቅለዋል።»

«ዛሬ መቼ አየሻቸው?»

«ዛሬ አላየኋቸውም።»

«ተረኛ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። እትዬ የኔነሽ እንዳትገቢ አሉኝ። ኦዲልን እወዳት ነበር፤ ሌሊቱን ሳለቅስ አድሬ ዓይኔ አብጧል። ፊትሽን ካዩ ያውቃሉ አሉኝ። ቁርሳቸውን እኔ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን ውጠው ይተኛሉ፣ እስክንመለስ በራቸውን እንዳትከፍቺ አሉ። እንጉርጉሮ እንዳይሰሙ ብለው ቁርስ እንዳበሏቸው ሬዲዮኑንም ከፍ አድርገው ነው የወጡት። እኔ ላውንድሪ ክፍል ገብቼ አንሶላ ሳጥፍ ነበር።»

«ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ?»

«አዎ። የትኛውም በር ሲከፈት አላርሙ ይጮሃል እኮ። አልጮኸም። እመኚኝ፣ አንዴም አልጮኸም።»

ሰሃርላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። አዲስ አበባ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ስለተማረች ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው፤ በዚያ ቤት ሙሴ ሎርሜን በቋንቋቸው የምታወራቸው እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ሕይወታቸውን ከቤተሰቡም በላይ ታውቀዋለች። ሙሴ ባስቲየን ሎርሜ በአንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ወደብ የዓሣ መረብ ከሚጠግን አባት ተወለዱ። ጋዜጣ ቤት የሰው ጽሑፍ እያረሙ የራሳቸውን ልቦለድ ጻፉ፤ ማንም አላነበበውም። ሁለተኛውንም ጻፉ፤ እሱንም የገዙት ዘመዶቻቸው ናቸው። ሦስተኛውን አንድ የፊልም አዘጋጅ ባቡር ጣቢያ ገዝቶ መውረጃው እስኪያልፈው ድረስ አነበበው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ልቦለድም የፊልም ድርሰትም ሲጽፉ ኖሩ። ስማቸው ፖስተሩ ግርጌ በጉንዳን ፊደል ነበር የሚጻፈው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሕዝቡ ትንፋሹን የሚውጥባቸው ትዕይንቶች ግን የእሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው ሲሞቱ ብቸኛዋ ልጃቸው ኦዲል ወደ ሲያትል አመጣቻቸው። እሷ እዚህ ፊሊጶስን አግብታ ነበር፤ ወይዘሮ የኔነሽ ደግሞ የፊሊጶስ አክስት ናቸው።

«እጃቸው እምቢ ካለ ወዲህ እየነገሩኝ እኔ እጽፍላቸዋለሁ» አለች ሶልያና። «አንድ ትዕይንት ስንጀምር ሰዎቹ ምን እንደሚሠሩ አይጠይቁኝም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የማያውቀውን ንገሪኝ ነው የሚሉኝ። በሩ ላይ የቆመው ምን አያውቅም? አልጋ ላይ የተኛችው ምን አታውቅም? እሱን ከያዝን ሌላው ራሱ ይመጣል ይላሉ።»

«በመጨረሻ ምን አጻፉሽ?»

«ስለ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር የያዝነው። ትናንት ድንገት ተዉት። አንድ ሽማግሌ አለ አሉኝ። የሚኖርበት ቤት ሰው ሁሉ በአንዴ ደግ ሆነበት። የተከለከለውን ኬክ ይቆርሱለታል። ልጅህ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ስልክህ ደግሞ ተበላሽቷል ይሉታል። እሱ ሲመጣ ወሬ ያቋርጣሉ።» ሶልያና ዓይኗን ጠረገች። «እየጻፍኩ እንባዬ መጣ። አዩኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ሻይ አምጪልኝ አሉኝ።»

ወይዘሮ የኔነሽ ሳሎን ውስጥ በሴቶች ተከበው ነበር። ሠርግ ይሁን ለቅሶ ካልመሩት የማይሆንላቸው፣ ለሰው ሲሮጡ የራሳቸው ምሳ የሚቀዘቅዝባቸው ሴት ናቸው። በዚያን ቀን ግን እጃቸው ሥራ ፈትቶ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈትላል።

«መርዶ እንዲያው በዋዛ አይነገርም ልጄ» አሉ። «ልባቸው የደከመ ሰው ናቸው። ነገ ማለዳ እህል ከቀመሱ በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዶክተራቸውም ባለበት ልንነግራቸው ነበር።»

«ከቀብሩ በኋላ?»

«አስከሬን አይተው እዚያው ቢቀሩብንስ? እኔ ምን ይዋጠኝ?»

«ዛሬ አላርሙ በርቶ ነበር እትዬ?»

«እንዴታ። ሁልጊዜም ይበራል።» ዓይናቸው ግን የአላርሙ መዝጊያ ወዳለበት የኩሽና ግድግዳ ሄዶ ተመለሰ።

«ኮዱን ማን ያውቃል?»

«እኔና ሶልያና ነን።»

«ማን ነገራቸው ይላሉ?»

«ማን ይሆናል፣ ጌዴዎን ነዋ። ማክሰኞ ለት፣ ሰውየው ልጁን ይቅበር እንጂ ብሎ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው ያመሸው።»

የቤቱ ሹፌር ጌዴዎን ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ሰሃርላ በእርስዎ ስትጀምርለት በእጁ አስቆማት።

«አንተ በይኝ፣ ኦኬ ነው። አዎ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን አልነገርኳቸውም። በምን ቋንቋ ልንገራቸው? እሳቸው አማርኛ የለ፣ እኔ ፈረንሳይኛ የለ፤ እንግሊዝኛችን ደግሞ የሁለታችንም አይነሳ።»

«ፎቶዎቹን ያመጣሃቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ቱክዊላ ካለው ማተሚያ ቤት ፒክ አድርጌ መጣሁ። እዚሁ በር ላይ እሽጉን ለፊሊጶስ ሰጠሁት። ለሰው የታደለው ቤተ ክርስቲያን ከደረስን በኋላ ነው።»

«ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«ልክ ቫኑን ሳንቀሳቅስ። ዋይፐር አድርጌ ነው ከግቢ የወጣሁት።»

«ከረባትህን አንዴ ታሳየኛለህ?»

ጌዴዎን ግራ ገብቶት ከረባቱን ላላ አደረገና እንደ ገመድ በራሱ ላይ አውጥቶ ሰጣት። ቋጠሮው አርጅቶ ወዝ ይዟል። «ለሠርጌ ሚዜዬ ነው ያሰረልኝ» አለ ትንሽ አፍሮ። «ከፈታሁት አለቀልኝ።»

ፊሊጶስን ያገኘችው ሙሴ ሎርሜ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። የሐዘን ልብሱ እንኳ ከሥራው ልማድ የተነሳ አንድ እንከን አይወጣለትም። ሰሃርላ ሐዘኗን ገለጸችለትና ጠዋት አማቱን አይቷቸው እንደሆነ ጠየቀችው።

«አልገባሁም» አለ። «ውጭ ነበርኩ። ቫኑ ውስጥ።»

ሰሃርላ አንገቱን አየች፤ ሌላ ጥያቄ ግን አልጨመረችም።

ከዚያ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ለቀስተኛው ወደ ጋራዡ ወጣ። ፖሊሱ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ሙሴ ሎርሜን የገደላቸው ብርዱና የደከመው ልባቸው ነው» አለች። «ደጅ ላይ ለብርዱ የተዋቸው ማን ነው የሚለውን ግን እሳቸው በሚያውቁበት መንገድ ልሂድበት። ማን ምን አደረገ አልልም። ማን ምን አላወቀም እላለሁ።»

በእጇ ወደ ጓሮው አመለከተች።

«የተቀመጡበት ጣውላ ደረቅ ነው። ስለዚህ የተቀመጡት ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ዝናቡ የጀመረው ቫኑ ሲነሳ ነው። እንግዲህ ሁላችሁም እዚህ ግቢ ውስጥ ሳላችሁ ነው የወጡት። በአንድ እጅ ጫማ አይታሰርም፤ ከረባትማ ጭራሽ። ያለበሳቸውና ደግፎ ያወጣቸው ሰው አለ ማለት ነው።»

«ሶልያና ናታ» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፤ ድምፃቸው ግን ቃላቸውን አላገዘውም።

«ሶልያና ከረባት ማሰር አልችልም ብላኛለች። ስላለች ብቻ አላመንኳትም። ደረታቸው ላይ ፎቶ አለ። ፎቶዎቹ ከጌዴዎን ለፊሊጶስ ተሰጡ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሶልያና እጅ አልደረሱም። ስለዚህ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ነው። ጌዴዎን የራሱን ከረባት እንኳ አስሮ አያውቅም። የሙሴ ሎርሜ ቋጠሮ ግን በየቀኑ ከረባት የሚያስር ሰው ቋጠሮ ነው። ከሥሩ ጎድጎድ ያለች እጥፋት አለችው።» ወደ ፊሊጶስ ዞረች። «የእርስዎም አለችው።»

ፊሊጶስ እጁን ወደ አንገቱ ወሰደና መለሰው። ሲናገር ማንንም አላየም።

«ልነግራቸው ነበር የገባሁት። በጓሮው በር ገባሁ። ኦዲል ብዬ ስጀምር በግራ እጃቸው አፌን ያዙኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ጫማዬን አምጣ አሉኝ። ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ያውቁ ነበር። እኛ እንዳንጨነቅ ብለው ነው የማያውቁ የመሰሉት። አለበስኳቸው። ፎቶዋን ራሳቸው ናቸው ከእጄ የወሰዱት። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ መኪናዬን ላምጣ፣ አምስት ደቂቃ ብያቸው ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«እትዬ በፊት በር ቆመው ነበር። አስከሬኑ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው አሉኝ። አባቷን ልውሰዳቸው አልኳቸው።»

«ልትገድላቸው ነው ወይ አልኩት» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ በሹክሹክታ። «አልጋቸው ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር።»

«ለብሰው ተቀምጠዋል ማለት አቃተኝ። ብቻውን መርዶ ነገረ ልባል ነው ብዬ አፈርኩ። በሬዲዮኑ ጩኸት እኔ ባልሰማም፣ ሲወጡ አላርሙ ጮኋል፣ ሶልያና ሰምታ ታስገባቸዋለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቫኑ ውስጥ ገባሁ። መቃብሩ ጋ ሁለት ጊዜ ስልኬን አወጣሁ። ሁለት ጊዜም እትዬ አጠገቤ ነበሩ።»

«ፊሊጶስ አላርሙ መዘጋቱን አላወቀም» አለች ሰሃርላ። «ሶልያና ሰውየው መውጣታቸውን አላወቀችም። እትዬ ደግሞ የሚደብቁት ነገር የተደበቀ እንዳልሆነ አላወቁም። አሁን የቀረው አላርሙ ነው። ኮዱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አላርሙን የዘጋ ሰው በሩን በዓይኑ ይጠብቃል። ሶልያና ግን ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ስታጥፍ ነበር፤ የበራ መስሏት ነው። እኔ ይህን ማሰብ እችላለሁ እንጂ ማስረዳት አልችልም። ሁለተኛው ሰው ካልተናገረ ጥፋቱ በተረኛዋ ላይ ይወድቃል።»

ወይዘሮ የኔነሽ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው አንሶላና በሰው ሽንት ጨርቅ ያቆሙትን ቤት አንድ በአንድ አዩት። ቃል ከወጣቸው ይህ ቤት ይዘጋል። ቀጥሎ ሶልያናን አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጠዋት ሴቶቹ የለቅሶውን ድስት ሲያወጡ በሩ በጮኸ ቁጥር ሙሴ ሎርሜ ማን መጣ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ያንን ፈርቼ ዘጋሁት። ስንሄድ ልመልሰው ነበር። ለቅሶው አደናገረኝ። ጻፊው ልጄ፣ የእሷ እጅ የለበትም።» ከዚያ ጨመሩ። «ግን ለምን አልተጣሩም? አንድ ጊዜ እንኳ ቢጣሩ?»

ሰሃርላ ይህን ባትጠየቅ ትወድ ነበር።

«ተጣርተዋል። መነሳት ስላልቻሉ የራሳቸውን መስኮት ክፈፍ በከዘራቸው መትተዋል። ቀለሙ እስኪነሳ። ክፍሉ ውስጥ ግን ሬዲዮኑ ነበር።»

ሶልያና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጌዴዎን ተነስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊሊጶስ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ አለቀሰ፤ ሚስቱን በቀበረበት ቀን አማቱንም ያጣ ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ የሚያውቅ ስለሌለ የሚያባብለውም አልተገኘም።

ፖሊሱ ወደ ሰሃርላ ጠጋ አለ። «ማንን ልያዝ?»

«እኔ የምሰጥህ ሰው የለኝም።»

እውነቷን ነው። ሶልያና ነፃ ናት፤ ያንን ሰሃርላ ትጽፍላታለች፣ ትቆምላታለችም። ቤቱ መዘጋቱ ግን አይቀርም። ሌሎቹ አረጋውያን ወዴት እንደሚሄዱ፣ ሶልያና ነገ የት ሥራ እንደምትጠይቅ፣ ፊሊጶስ በምን ጉልበት እንደሚነሳ መርማሪ የሚፈታው ነገር አይደለም። ገዳይ ብታገኝ ይቀላት ነበር። ያገኘችው ግን በየተራ ደግ የሆኑ ሰዎችን ነው፤ እነሱን ምን እንደምታደርጋቸው አታውቅም።

በዚህ መሀል የቤቱ ስልክ ጮኸ። ፊሊጶስ ቁጥሩን አየና ወደ ኋላ ሸሸ። «እኅታቸው ናቸው። ከማርሴይ። የኦዲልን ሞት እኔ በስልኬ ተርጓሚ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። ስለ እሳቸው ግን ገና ምንም አልሰሙም።»

«ሌሊት አይደለም እንዴ እዚያ?» አለ ጌዴዎን።

«እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ይሆናል።»

«አሁን አይሆንም» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ በፍጥነት። «በዚህ ሌሊት፣ ብቻቸውን...» ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት፤ ጨርሰው መናገር አልቻሉም።

ከሶልያና ሌላ ፈረንሳይኛ የሚችል አልነበረም። ተነስታ ስልኩን አነሳች። ሰሃርላ ድሬዳዋ ሳለች ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ከነበሩት አያቷ ጥቂት ቃል ለቅማለች፤ ያቺን ያህል ሰማች። የአሮጊቷ ድምፅ ቀጭንና የደከመ ነበር።

«አዎ ማዳም፣ ቀብሩ አለቀ» አለች ሶልያና።

ድምፁ ወንድሜ ሰምቷል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ያውቃሉ። ማወቁን አውቀዋል።»

ድምፁ ደግሞ ጠየቀ፤ አሁን እያለቀሰ ነበር። ወንድሜ እንዴት ቻለው፣ እስቲ አገናኚኝ፣ ድምፁን ልስማ ነበር የሚለው። ሶልያና ተቀባዩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ወደ ሰሃርላ አየች። ሰሃርላ ለስንት ቤተሰብ የሞት ዜና በገዛ አፏ ተናግራለች፤ በዚህ ሰዓት ምን መባል እንዳለበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ክፍል አልነበረም። ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ሰበረች።

«አሁን ተኝተዋል ማዳም» አለች ሶልያና። «ሲነሱ እነግራቸዋለሁ።»